ራስ፣ ወገብ፣ እግር

ዶርቃ መጽሐፍ በምላጭ የሚቆርጡ ሰዎችን ትንቃለች። ንቀቷን ደብቃ አታውቅም፤ መደበቅም አትችልበትም። ጳጉሜ አምስት ከሰዓት በኋላም፣ የ2004 ዓመት ሊያልቅ ያችው ጀምበር ብቻ ስትቀረው፣ ጁባ ውስጥ ሀይ ጀላባ ሠፈር በሚገኘው የማስረሻ ሆቴል ግቢ ከዳሱ ሥር ተቀምጣ፣ ዙሪያዋን የከበቧትን አንባቢ ተብዬዎች አንድ በአንድ በዓይኗ እየለካች ትንቅ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጁባ የአማርኛ መጽሐፍ የሚሸጥበት ሱቅ የላትም። መጽሐፍ የሚመጣው ከአዲስ አበባ በሚበር ሰው ሻንጣ ነው፤ ሻንጣውን ደግሞ በርበሬና ሽሮ ስለሚሞላው ለመጽሐፍ የሚተርፍ ቦታ የለም ማለት ይቻላል። አንዱ ቅጂ ለሁሉም አይዳረስም። ስለዚህ የጁባ ሐበሾች የንባብ ማኅበር ብልሃት አበጀ። የመጣውን መጽሐፍ ሁሉ ጀርባውን በምላጭ ሰንጥቆ ሦስት ቦታ ይከፍለውና በፕላስተር ይለብጠዋል። የመጀመሪያው ቁራጭ ራስ፣ መካከለኛው ወገብ፣ የመጨረሻው እግር ይባላል። ሦስት ሰው በአንድ ጊዜ ያነባል ማለት ነው።

እስከዚህ ድረስ ችግር የወለደው ብልሃት ነውና ማንም አይቀየምም። የሚያስቀይመው የቀረው ነው። ራሱን ብቻ ያነበበ ሰው አንድ መጽሐፍ አነበብኩ ብሎ ያስቆጥራል። ወገቡን ያነበበም እንደዚያው። እግሩን ግን የሚጠይቅ የለም፤ ምክንያቱም በራሱ ብቻ አንድ ምሽት ሙሉ መከራከር ይቻላል። የታሪኩ መጨረሻ ለክርክር አያስፈልግም፤ እንዲያውም ያደናቅፋል።

ጳጉሜ ሲመጣ ደግሞ ቆጠራ አለ። አባላቱ በየተራ እየተነሡ በዓመቱ ያነበቡትን ብዛት ይናገራሉ፤ ከምግብ በኋላ ለመጪው ዓመት ያቀዱትን ይናገራሉ። ይጨበጨብላቸዋል። ስለ መጻሕፍቱ የሚጠይቅ ሰው እንደ ምቀኛ ይታያል። አባል ለመሆን ቢያንስ የመጀመሪያ ዲግሪ ያስፈልጋል፤ ደንቡን ያረቀቀው ሊቀ መንበሩ ኢንጂነር ደበበ ነው። የመንገድ ሥራ ድርጅት ቅጥር መሐንዲስ ነው። ጁባ መግቢያ ላይ ከሠራው መንገድ ግማሹን ዝናብ ወስዶታል፤ በደንቡ ግን ዝናብ አይገባም።

የግቢው ባለቤት ማስረሻ ዲግሪ የለውም። ከአሥረኛ ክፍል አቋርጦ፣ በጋምቤላ አድርጎ፣ ባዶ እጁን ጁባ የገባ ሰው ነው። ዛሬ የቆርቆሮ ክፍሎች፣ አንድ ምግብ ቤትና ቀኑን ሙሉ የሚያጓራ ጄኔሬተር አለው። ግቢውን ለማኅበሩ በነጻ ይሰጣል፤ መጻሕፍቱን በባንኮኒው መሳቢያ ያስቀምጥላቸዋል። በስብሰባው ላይ ግን የሚቆመው ከፍሪጁ አጠገብ ነው። ተቀመጥ ያለው ሰው የለም። ወንበሮቹ በሙሉ የእሱ ናቸው።

ዶርቃ ይህንንም ትንቅ ነበር። ነገር ግን እሷም አንድ ቀን እንኳ «ማስረሻ፣ ና አጠገቤ ተቀመጥ» ብላ አታውቅም፤ ያውም ከጥር ጀምሮ የምትወደው እሱን ሆኖ ሳለ።

*

በጥር የአንድ ልቦለድ እግር ፍለጋ መጥታ ነበር። ከአባላቱ ሁሉ እግር የምትጠይቀው እሷ ብቻ ነበረች። አባቷ የዩኒቨርሲቲ መምህር ናቸው፤ ከልጅነቷ ጀምሮ የጨረሰችውን መጽሐፍ ብቻ እንድትመዘግብ ያስለመዷት እሳቸው ናቸው። የመጨረሻውን ገጽ ያልዘጋችውን መጽሐፍ አነበብኩ አትልም። በአንድ ዓለም አቀፍ ድርጅት የሕግ አማካሪ ሆና ጁባ ስትመጣም ይህን ልማዷን ይዛ ነው የመጣችው።

«እግሩ ቤቴ ነው ያለው» አላት ማስረሻ፤ ትንሽ አፍሮ። «ጁባ ና ባሪ ሠፈር። ማታ ስጨርሰው እዚያው ረሳሁት። ከፈለግሽ ግን ልንገርሽ።»

«መጽሐፍ አይነገርም። ይነበባል።»

«እሺ። ለኔስ ራሱን ማን ያስነብበኛል? አባሎቹ ራሱንና ወገቡን ወስደው አይመልሱም፤ እኔ ጋ የሚቀረው እግር ነው። ልጅቷ ከመጀመሪያው ለምን እንዳኮረፈች እስካሁን አላውቅም። ሲታረቁ ብቻ ነው የደረስኩት።»

ዶርቃ ሳትፈልግ ሳቀች። ተቀመጠች። ልጅቷ ለምን እንዳኮረፈች ነገረችው፤ እሱም እንዴት እንደታረቁ ነገራት። ከዚያ ወዲህ እሁድ እሁድ ጁባ ና ባሪ ቤቱ ትሄዳለች። እሷ ራሱንና ወገቡን ትተርካለች፤ እሱ እግሩን። ማስረሻ ሲተርክ ሰው ዓይን ውስጥ አያይም፤ አጥሩን፣ ማንጎውን፣ የገዛ መዳፉን እያየ ነው የሚያወራው። ሁለቱ ፍቅረኞች የሚገናኙበት ቦታ ሲደርስ ግን ቀና ይላል። ዶርቃ ያችን ቅጽበት እየጠበቀች ትሰማለች። እየዋለ እያደረ እግሩን አምጣልኝ ማለቱን ተወችው። ከእሱ አፍ ሰምታ ስትነሣ መጽሐፉ የተዘጋ ይመስላት ነበር። ዘጠኝ መጽሐፍ በዚህ መንገድ ጨረሰች፤ ዘጠኙንም አነበብኩ ብላ መዘገበች። ያን የአባቷን ሕግ የጣሰችው ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር፤ ጸጸትም አልተሰማትም።

ሐምሌ ላይ መሥሪያ ቤቷ ናይሮቢ ትልቅ ቦታ ሰጣት። መልሷን ከአዲስ ዓመት በፊት ፈለገ። ለማስረሻ ነገረችው።

«ጥሩ ነው?» አላት።

«ጥሩ ነው።»

«ማፊ ሙሽኪላ» አለና ተነሥቶ ውሃ ሊያመጣላት ገባ።

ችግር የለም አለ። አትሂጂ ቢላት ኖሮ ልትቆጣው ተዘጋጅታ ነበር፤ ስላላላት ግን ቆሰለች። እሱ ደግሞ «አንተስ ምን ትላለህ» ትለኛለች ብሎ ጓዳ ውስጥ ብርጭቆ ይዞ ብዙ ቆየ፤ ስላላለችው ቆሰለ። በሚቀጥለው እሁድ ሁለቱም ምንም እንዳልተባለ ሆነው ወደ መጽሐፋቸው ተመለሱ። ዶርቃ መሬት መሬት ከሚያይ ሰው ፊት ተቀምጣ፣ ለምን እንደምትናደድ ሳይገባት ስትናደድ ዋለች።

*

«ስልሳ አንድ» አለ ኢንጂነር ደበበ፤ ቆሞ፣ እጁን ሆዱ ላይ አድርጎ። ግቢው አጨበጨበ።

«አሥራ አራት» አለች ሀኒ፤ በአየር መንገድ ቢሮ የምትሠራ፣ ከአዲስ አበባ መጽሐፍ የምታመላልስላቸው ልጅ ናት። «አሥራ አራቱንም እዚህ ሳይቆረጡ። ከቆረጣችሁት በኋላ እኔ ሥጋ ቤት የገባሁ ነው የሚመስለኝ።»

ተሳቀ። ተራው የዶርቃ ሆነ።

«ዘጠኝ» አለች።

«ዘጠኝ መቶ?» አለ አንዱ ከኋላ። በዚያም ተሳቀ።

ዝም ብላ ብትቀመጥ ኖሮ የዚያ ቀን ነገር ሁሉ በዚያው ይቀር ነበር። ዶርቃ ግን ሲሳቅባት ዝም የምትል ሴት አይደለችም።

«ዘጠኝ መጽሐፍ» አለች፤ ድምፅዋን ሳታነሣ። «ዘጠኝ ራስ አላልኩም። እናንተ የምትቆጥሩት ቁርጥራጭ ነው። ኢንጂነር ስልሳ አንድ ጊዜ ከባለታሪክ ጋር ተዋውቋል፤ አንድም ጊዜ ግን ሰውየው ምን እንደደረሰበት አያውቅም። እኔ ዘጠኙን ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አንብቤያለሁ። ይህ ቢያንስ ንባብ ይባላል። የእናንተ ግን፣ ገበያ ላይ የቲማቲም ጫፍ ጫፍ እንደሚቀምስ ሰው ነው። ልትገዙም አይደለም፣ ልትበሉም አይደለም።»

ፍሪጁ አጠገብ የቆመው ማስረሻ እጁ ላይ ያለውን ጨርቅ ማጠፍ ጀመረ።

«በጣም ጥሩ» አለ ደበበ፤ ፊቱ ቀልቷል። «እኛ አላዋቂዎቹ እንማር። ነሐሴ ላይ የመጣው፣ የድሬዳዋዋ መምህርት ታሪክ፣ እንዴት ነው የሚያልቀው? ንገሪና።»

ዶርቃ ፈገግ አለች። ያን መጽሐፍ ከሁሉ አስበልጣ ትወደው ነበር። መምህርቷ የትልቅ ቤተሰብ ልጅ ናት፤ የባቡር መካኒክ ትወዳለች፤ ቤተሰቦቿ ወደ ጅቡቲ ሊሰዷት ባቡር ያሳፍሯታል። እስከዚያ ያነበበችው ራሷ ነበረች። ከዚያ በኋላ ያለውን ስትናገር ድምፅዋ ተለወጠ፤ ለስለስ አለ፤ ዓይኗም ከደበበ ላይ ተነሥቶ አጥሩ ጋ ሄደ።

«ባቡሩ ሁለተኛው ጣቢያ ላይ ሲቆም ትወርዳለች። ሻንጣዋን ትታ። ሐዲዱን ተከትላ በእግሯ ትመለሳለች። ማንም አላስገደዳትም፤ ማንም አልተከተላትም። ሲነጋ ጫማዋን በእጇ ይዛ የመካኒኩ ደጅ ላይ ቆማለች። እሱም ግቢ እንኳ አላላትም፤ በሩን ገለጥ አድርጎ ለቀቀላት።»

መጀመሪያ የተናገረችው ሀኒ ነበረች፤ ያውም በሐዘኔታ። «ዶርቃዬ፣ አትወርድም እኮ።»

«ትወርዳለች።»

«አትወርድም። እኔ ነኝ ያመጣሁት፤ ሳይቆረጥ ነው ያነበብኩት። በመስኮቱ እንኳ ዞራ አታይም። የሚያልቀው እሱ የእጁን ግሪስ ሲታጠብ ነው።»

«ማስሬ» አለ ደበበ፤ ደስታው ከድምፁ ይሰማል። «እግሩን አምጣልን።»

ማስረሻ ጨርቁን ፍሪጁ ላይ አስቀመጠ፤ ወደ ባንኮኒው ገባ፤ መሳቢያውን ከፈተ፤ በፕላስተር የተለበጠውን ቁራጭ ይዞ መጣና ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ዶርቃን አላያትም። ዶርቃ ግን አየችው፤ ያኔ ገባት።

ደበበ የመጨረሻውን ገጽ ጮክ ብሎ አነበበ። መምህርቷ አልወረደችም። ባቡሩ ሄደ። መካኒኩ እጁን ታጠበ፤ ግሪሱ ከጥፍሩ ሥር እንቢ አለው። አለቀ።

«ታዲያ ያንቺን ከየት አመጣሽው?» አለ ደበበ፤ መነጽሩን እያወለቀ። «ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ያነበብሽ? ወይስ ማስሬ ነው የተረከልሽ? የእግር ጠባቂያችን እሱ ነው።»

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ከአንድ የሕግ ባለሙያና ከሆቴል ቤት ማስረሻ በላይ የሚያስቅ ጥምረት ማንም ሊታየው አልቻለም። ሰዎቹ ክፉ ስለነበሩ አይደለም የሳቁት። ይህ ከክፋትም ይብሳል፤ ሊሆን የማይችል ነገር ስለመሰላቸው ነው።

ዶርቃም ሳቀች።

ከልቧ አልነበረም፤ አጭር ነበረ፤ ግን ሳቀች። «ረስቼው ይሆናል» ብላ ተቀመጠች። ቀና ስትል ፍሪጁ አጠገብ ማንም አልነበረም። በዚያች ቅጽበት ከግቢው ሰው ሁሉ አብልጣ የናቀችው ራሷን ነበር፤ ይህ ደግሞ የማታውቀው ዓይነት ንቀት ነው፤ የሚቀመጥበት ቦታ አጣች።

*

ከማድ ቤቱ ጀርባ፣ የውሃ ታንከሩ ሥር አገኘችው። እጁን ኪሱ ከቶ ቆሞ ነበር። ዶርቃ ስታፍር መቆጣት ትጀምራለች።

«ለምን ዋሸኸኝ?»

«ሁሉንም አይደለም» አለ። «ስድስቱን እንዳለ ነው የነገርኩሽ። ሦስቱን ነው።»

«የቶቹን?»

«ከሐምሌ ወዲህ ያሉትን። ሴትየዋ የምትሄድባቸውን። ሦስቱም ላይ ትሄዳለች፤ ምን እንደነካቸው አላውቅም ጸሐፊዎቹን። እኔ መለስኳት።»

«በመጽሐፍ ይቀለዳል እንዴ? ሰው ፊት አዋረድከኝ። እኔ አምኜህ ነው የተናገርኩት።»

«እግሩን አምጣው ብትዪኝ አመጣልሽ ነበር። መሳቢያው ውስጥ ነው። ቁልፍ የለውም። ከሐምሌ ወዲህ አንድ ቀን ጠይቀሽኛል?»

«አትሂጂ ማለት አቅቶህ ነው እንግዲህ በሌላ ሰው መጽሐፍ የምትመልሰኝ?»

«አቅቶኝ ነው» አለ ማስረሻ። «ምን ብዬ? አንቺ ናይሮቢ ትልቅ ቦታ ያለሽ ሰው ነሽ። እኔ ምን አለኝ? ቆርቆሮ አለኝ። አትሂጂ ብልሽ፣ ይሄ ገበሬ ራሱን ምን አድርጎ ነው የሚያየው ትያለሽ ብዬ ፈራሁ።»

«እኔ እንደዚያ አልልም።»

«ትያለሽ። ስታስቢው ፊትሽ ላይ ይነበባል። እነ ኢንጂነርን ስትንቂያቸው ደስ ይለኝ ነበር፤ የኔን ብድር የምትመልሺልኝ ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ግን እነሱን የምትንቂው ስለኔ ብለሽ እንዳልሆነ አየሁ። ዝም ብሎ አመልሽ ነው። ጭንቅ ሲመጣ ከነሱ ጋር ነሽ።»

«ማስረሻ።»

«እኔ ዋሸሁ» አለ፤ ድምፁ አልጮኸም። «ስለወደድኩሽ ነው አልልም፤ ዋሸሁ፣ አለቀ። አንቺ ደግሞ ሳቅሽ። የትኛው ይብሳል? የሕግ ሰው አንቺ ነሽ፤ ፍረጂ።»

ምግብ ሠሪዋ፣ ተሻለች፣ ከማድ ቤቱ መስኮት አንገቷን አውጥታ፣ «ማስሬ፣ ወጡ ይቅረብ ወይስ ተጣልታችሁ እስክትጨርሱ ልጠብቅ?» አለች።

«አቅርቢ» አለ ማስረሻ። ከዚያ ወደ ዶርቃ ሳይዞር፣ «ከላስ፣ አበቃ። ሂጂ፤ ዕቅድሽን ይጠብቃሉ» አላት።

በሕይወቷ እንደዚያ ሆና ከሰው ፊት ተመልሳ አታውቅም። የያዛት ቁጣ መስሏት ነበር፤ ዳሱ ጋ ስትደርስ ቁጣ እንዳልሆነ አወቀች።

*

ምግቡ ተበላ፤ ዕቅድ ተጀመረ። ደበበ ለ2005 መቶ መጽሐፍ አቀደ። ተጨበጨበለት። ሌላው ሰማንያ፣ ሌላው ሰባ አቀደ። ቁጥሩ እንደ ጨረታ ይወጣል ይወርዳል። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ መንጠባጠብ ጀመረ። ማስረሻ ባዶ ሳህኖች ሊሰበስብ ከማድ ቤት ወጣ፤ ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ሲሄድ ማንም እግሩን አልሰበሰበለትም።

«ዶርቃ እህቴ» አለ ደበበ፤ ታላቅ ወንድም መስሎ። «ያለፈው አለፈ። ለመጪው ዓመት ስንት?»

ዶርቃ ተነሣች።

«መጀመሪያ የዚህን ዓመት ላስተካክል» አለች። «ዘጠኝ ብዬ ነበር። ዜሮ በሉት። አንዱንም እስከ መጨረሻው አላነበብኩም። ራሱንና ወገቡን እኔ አነበብኩ። እግር እግሩን የነገረኝ ማስረሻ ነው።»

ማስረሻ ሳህን እንደያዘ ቆመ።

«ቅድም ኢንጂነር እንደ ቀልድ ነው ያለው፤ እኔም እንደ ቀልድ ሳቅሁ። ቀልድ አይደለም። እሁድ እሁድ ጁባ ና ባሪ ቤቱ እየሄድኩ ነው የሚነግረኝ።»

«ቤቱ?» አለ ደበበ።

«ቤቱ።»

አንዲት ማንኪያ ሳህን ላይ ወድቃ ጮኸች። ሀኒ እጇን አፏ ላይ ጫነች፤ ከእጇ ሥር ግን ፈገግታዋ ይታይ ነበር።

«ዛሬ ስለሳቃችሁ አልቀየምኳችሁም» አለች ዶርቃ። «እናንተ ሰውን የምታነቡት እንደ መጽሐፍ ነው፤ ራሱን አይታችሁ ትፈርዳላችሁ። እኔ ግን ይህን ሰው እስከ እግሩ አውቀዋለሁ፤ አውቄም ነው ያፈርኩበት። ስለዚህ ከእናንተ የባስኩ ነኝ። ይህንንም በስብሰባው መዝግቡልኝ፤ መመዝገብ ትወዳላችሁ።» ጠረጴዛው ላይ የቀረውን የድሬዳዋዋን መምህርት እግር አነሣች። «ለመጪው ዓመት ያቀድኩት ዘጠኝ እግር ነው። ይህ የመጀመሪያው ነው።»

ማንም አላጨበጨበም። እሷም አልጠበቀችም። ወንበሮቹን አልፋ ማስረሻ ጋ ደረሰች፤ ሳህኖቹን ከእጁ ተቀብላ ደበበ ፊት አስቀመጠቻቸው፤ ቁራጩን ለማስረሻ ሰጠችው።

«አንብብልኝ» አለችው። «የተጻፈውን።»

«እዚህ?»

«እዚህ።»

«ናይሮቢስ?» አለ፤ ለእሷ ብቻ በሚሰማ ድምፅ።

«መልስ አልሰጠሁም። አልጠየቅኸኝም።»

ማስረሻ ቁራጩን አገላበጠ። በዚያ ሁሉ ዓይን ፊት፣ በገዛ ግቢው፣ «አትሂጂ» አላት። መጽሐፍ ሳይከልለው፣ አጥሩን ሳያይ።

ዶርቃ በእሺታ ራሷን ነቀነቀች፤ አንዴ ብቻ። «አሁን አንብብ» አለች።

ባንኮኒው ጋ ቆሙ። ማስረሻ ማንበብ ጀመረ። ባቡሩ ሁለተኛው ጣቢያ ደረሰ። ቆመ። ውሃ ሻጮች በመስኮቶቹ ሥር ተጣሩ። መምህርቷ ሻንጣዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች፤ በሩ ክፍት ነው፤ ማንም አልያዛትም። ዶርቃ መጨረሻውን እያወቀችም ጠበቀች። ባቡሩ ተንቀሳቀሰ። ሴትየዋ አልወረደችም።

ዶርቃ በዕድሜዋ ብዙ ሰው ንቃለች። እንደዚያች ሴት ግን የናቀችው የለም። ንቀቱ ከደረቷ ተነሥቶ እንባ ሆኖ ዓይኗ ላይ ሲደርስ ሙቅ ነበር፤ ማስረሻም አይቶት፣ ገጹን ሳይዘጋ፣ ማንበቡን ተወ።